ኃይሉ ምን ያስከፍለዋል? ልዩ ኃይል ካላቸው ልጆች ልብ ወለዶች የትኛው ለየትኛው ልጅ

ሰኔ ሲገባ ጥያቄው ይጀምራል። ፈተናው ሊያልቅ ነው፣ ክረምቱ ደጅ ላይ ነው። «ቲቸር፣ እንደዛ ዓይነት መጽሐፍ አለዎት?» ይሉኛል። «እንደዛ ዓይነት» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። በእነሱ ዕድሜ ያለ ልጅ፣ አንድ ቀን ሌላው የማይችለውን ነገር መቻሉን የሚያውቅበት ታሪክ ነው። አንዷ ከእጇ እሳት ታወጣለች። አንዱ በዓይን አይታይም። አንዷ የሰው ሐሳብ ውስጥ ትገባለች።

ወላጆችም ይጠይቁኛል። የእነሱ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። «ጥንቆላ አያስተምርብኝም ወይ?» «እንግሊዝኛው አይከብዳትም?» «ይሄን ሁሉ ገንዘብ አውጥቼ ሁለት ገጽ አንብቦ ቢጥለውስ?» ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሄን የምጽፈውም ለእነሱ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ሐይቁ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን እናነባለን። እዚህ የማነጻጽራቸው ስድስት መጻሕፍት እዚያ ጥላ ሥር ያለፉ ናቸው። ስድስቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። በአማርኛ ቢሆን ደስ ባለኝ። የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ልጆቹ ጣናን ስለሚያገኙበት ይወዱታል፤ ባለታሪኮቹ ግን ታዳጊዎች አይደሉም። የሚፈልጉት የራሳቸውን ዕድሜ ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

ሽፋን አይቶ መግዛት ይቅር። ፊልም ወጥቶለታል ብሎ መግዛትም እንደዚያው። እኔ አምስት ነገር አያለሁ።

አንደኛው ቋንቋው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛና የልብ ወለድ እንግሊዝኛ ግን ይለያያሉ። ቀላል መለኪያ አለኝ። መሐል ገጽ ክፈቱለትና ያንብብ። የማያውቀው ቃል ባገኘ ቁጥር አንድ ጣት ይጠፍ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ከታጠፉ ያ መጽሐፍ ለዚህ ክረምት አይሆንም። ለሚቀጥለው ይሆናል።

ሁለተኛው ለእኔ ዋናው ነው። ኃይሉ ልጁን ምን ያስከፍለዋል? በነጻ የመጣ ኃይል ቶሎ ይሰለቻል። ልጁ ይበራል፣ ያሸንፋል፣ አለቀ። ጥሩዎቹ መጻሕፍት ላይ ኃይሉ ዕዳ አለበት። ጓደኛ ያሳጣል፣ እናት ያስዋሻል፣ ሰው ያስፈራል። ታዳጊ አንባቢ የሚያዘው እዚያ ላይ ነው። እሱም በዚያ ዕድሜው በየወሩ የሚለወጥ ሰውነትና ጠባይ ይዞ እየታገለ ነዋ።

ሦስተኛው ጭካኔውና ፍቅሩ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። አራተኛው የእምነት ጉዳይ ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ አማልክት፣ መናፍስት፣ ድግምት አለ ወይ? አምስተኛው ኪስ ነው። ስንት ቅጽ አለው? የመጀመሪያው ብቻውን ይበቃል ወይስ ጫፍ ላይ ሰቅሎ ይተዋል?

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። የእኛ ልጆች ከዓለም ሁሉ በኋላ ከእንዲህ ያለ ነገር ጋር የተዋወቁ አይደሉም። በጀልባ ዘጌ ሄደው የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕል አይተዋል። በላዔ ሰብእን ያውቁታል። ያ ሁሉ ሰው የበላ፣ በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ለተጠማው ሰው በሰጠው ጥርኝ ውሃ የዳነው። ተአምርና ልብ ወለድ አንድ አይደሉም፤ ልጆቹም አያምታቱትም። ግን ጆሯቸው ሠልጥኗል። መልካሙንና ክፉውን የሚመዝን ሚዛን እያዩ ነው ያደጉት። ስለዚህ ለወላጆች የምለው «ከልክሉ» አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች አብራችሁ አንብቡ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገረ ልጁ በአማርኛ ይተርክላችሁ። መተረኩ ራሱ ትልቅ ልምምድ ነው።

«ፐርሲ ጃክሰን»፤ የመጀመሪያው ቅጽ «ዘ ላይትኒንግ ቲፍ»

ሪክ ሪዮርዳን፣ እ.ኤ.አ. 2005። ፐርሲ 12 ዓመቱ ነው። ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ይባረራል። ሲያነብ ፊደሉ ዓይኑ ላይ ይዘልበታል፤ ዲስሌክሲያ አለበት። ረግቶ መቀመጥም አይችልም። ቆይቶ ምክንያቱን ይነግሩታል። አእምሮው የተቃኘው ለጥንቱ ግሪክኛ ነው፤ ቁጭ ብድግ ማለቱም የተዋጊ ንቃት ነው። አባቱ ፖሳይዶን ነው፣ በጥንት ግሪኮች ተረት የባሕር አምላክ የሚባለው።

ደራሲው ራሱ መምህር ነበር። ታሪኩን የጀመረው እንዲሁ ዓይነት ችግር ላለበት ልጁ ማታ ማታ እየተረከለት ነው። ይሄ መጽሐፉ ላይ ይታያል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ፐርሲ እንደ ጓደኛ ነው የሚያወራው፣ ምዕራፉ ሳይሰለች ያልቃል።

ፐርሲ ውሃ ሲነካ ይበረታል፤ ቁስሉም ይድናል። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ድንጋይ ላይ በልቡ ደፋው። ሄዶ እጁን እስከ አንጓው ሐይቁ ውስጥ ከተተ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተመለሰና ገጹን ገለጠ። ለማንም ምንም አላለም። ያ ልጅ ከዚያ በፊት አንድም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጨርሶ አያውቅም ነበር።

ዋጋው? ጭራቆች በጠረኑ ያገኙታል፣ እናቱም በእሱ ምክንያት አደጋ ላይ ትወድቃለች። ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ግን ዕዳው ቀለል ይላል። ጭካኔው የተረት ጭካኔ ነው፤ የተገደለ ጭራቅ አቧራ ሆኖ ይበተናል። የግሪክ አማልክትን ስም ለሚፈሩ ወላጆች፣ ይሄ የጥንት ሕዝብ ተረት መሆኑን ለልጁ አስቀድሞ መንገር ይበቃል። የመጀመሪያው ተከታታይ 5 ቅጽ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ተጠቃሏል። የመጀመሪያው ቅጽ ብቻውን ቢነበብም ያጠግባል።

«አካታ ዊች»

ንኔዲ ኦኮራፎር፣ እ.ኤ.አ. 2011። አንድ ብቻ ምረጭ ብትሉኝ ይሄን ነው የምመርጠው።

ሰኒ 12 ዓመቷ ነው። ኒው ዮርክ ተወልዳ ናይጄሪያ ውስጥ አባ በምትባል ከተማ ትኖራለች። አልቢኖ ናት። ኳስ ትወዳለች፣ ግን ፀሐይ ቆዳዋን ስለሚያቃጥላት ቀን መጫወት አትችልም። ክፍል ውስጥ ይሰድቧታል። አንድ ማታ ሻማ ነበልባል ውስጥ የዓለምን ጥፋት ታያለች። ከዚያ «የነብር ሰዎች» የሚባሉ ምስጢራዊ ማኅበረሰብ አባል መሆኗን ትረዳለች።

ይሄ መጽሐፍ ሁለት ነገር አለው፣ ሌሎቹ የሌላቸው። አንደኛ፣ ኃይል የሚመጣው ሰው ጉድለት ከሚለው ነገር ነው። የሰኒ ኃይል ከአልቢኖነቷ ጋር የተያያዘ ነው። ጓደኛዋ ኦርሉ ማንበብ ይቸገራል፤ ኃይሉም ድግምት መፍታት ነው። ሁለተኛ፣ አዲስ ነገር በተማሩ ቁጥር ቺቲም የሚባል ገንዘብ ከላይ እግራቸው ሥር ይወድቃል። በመስረቅ አይገኝም፣ በመውረስ አይገኝም። በማወቅ ብቻ ነው። ይሄን ምዕራፍ ባነበብን ቅዳሜ ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ቀጠለ።

ልጆቹ ራሳቸው ሌላ ነገር አነሱ። ሰኒን የሚያሙበት መንገድ እኛ ዘንድ ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን «ቡዳ» ከምንልበት ጋር አንድ ነው አሉ። አንዲት ልጅ ይሄን ስታወራ መሬት መሬት እያየች ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። መጽሐፉ ግን ያን ቀን ሥራውን ሠርቷል።

ዋጋው ከባድ ነው። ሰኒ ለእናትና ለአባቷ እውነቱን መናገር አትችልም። ማታ ማታ ተደብቃ ትወጣለች። ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም አለ። ክፉው ሰው ልጆች ጠልፎ የሚወስድ ነው፤ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልሰጥም። ርዕሱም ቤት ውስጥ ጥያቄ ያስነሳል፤ «ዊች» ጠንቋይ ማለት ነው፣ «አካታ» ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያንን ለማንቋሸሽ የሚባል ቃል ነው። ይሄው መጽሐፍ ናይጄሪያ ውስጥ «ዋት ሰኒ ሶው ኢን ዘ ፍሌምስ» በሚል ርዕስ ታትሟል። ያንን ካገኛችሁ ሽፋኑ ላይ የሚከብድ ቃል የለም። እንግሊዝኛው መካከለኛ ነው፣ የኢግቦ ቃላት ይገቡበታል። 3 ቅጽ አለው፣ የመጀመሪያው ግን በራሱ ይቋጫል።

«ሚስ ፔሪግሪንስ ሆም ፎር ፔኪዩሊየር ቺልድረን»

ራንሰም ሪግስ፣ እ.ኤ.አ. 2011። ደራሲው ከሰብሳቢዎች ያገኛቸውን እውነተኛ የድሮ ፎቶዎች ተጠቅሞ ነው ታሪኩን የሠራው። ጄኮብ 16 ዓመቱ ነው። አያቱ ሲሞቱ የነገሩትን ፍለጋ ዌልስ አጠገብ ወዳለች ደሴት ይሄዳል። እዚያ አንድ ቀን፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1940፣ እየተደጋገመ የሚኖሩ ልጆች ያገኛል። አንዷ ካልተያዘች ትንሳፈፋለች፤ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ከባድ ጫማ ያደርጉላታል።

ዋጋው እዚህ ግልጽ ነው። ከዚያች ቀን ወጥተው ከቆዩ ያልኖሩት ዕድሜ ሁሉ ባንዴ ይደርስባቸዋል። ደሴት ለሚያውቅ የጣና ልጅ ይሄ ቶሎ ይገባዋል፤ ገዳማቱ ውስጥ ጊዜ በሌላ መንገድ እንደሚሄድ የተሰማው ሁሉ ይረዳዋል።

መጀመሪያው ያስፈራል፤ የአያትየው አሟሟት ለስሜተ ስስ ልጅ ይከብዳል። እንግሊዝኛው ከ«ፐርሲ» ይከብዳል፣ ፎቶዎቹ ግን ይረዳሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይሄን መጽሐፍ በፎቶ ኮፒ አትግዙ። አንዱ ተማሪ ያመጣውን አይቻለሁ። የምትንሳፈፈዋ ልጅ ገጽ ላይ ያለው ጥቁር አራት ማዕዘን ብቻ ነበር። 6 ቅጽ አለው፤ የመጀመሪያው ሳይቋጭ ነው የሚያልቀው።

«ዘ ዳርከስት ማይንድስ»

አሌክሳንድራ ብራክን፣ እ.ኤ.አ. 2012። በሽታ የአሜሪካን ልጆች አብዛኞቹን ይገድላል። የተረፉት ኃይል ያበቅላሉ። መንግሥት ሰብስቦ ካምፕ ያስገባቸውና በቀለም ይመድባቸዋል። ሩቢ የሰው አእምሮ ውስጥ መግባት ትችላለች። ሳታስበው ራሷን ከእናትና ከአባቷ ትዝታ ሰርዛለች። ጠዋት ስትነሳ አያውቋትም።

ዋጋን በተመለከተ ከስድስቱ ይሄ ይበልጣል። የነካችውን ሁሉ ልታጣ ትችላለች። ግን ወታደር፣ ካምፕ፣ ሽሽት፣ የተራቡ ልጆች አሉበት። ያለፉትን ዓመታት በክልላችን ያሳለፈ ልጅ ይሄን እንደ ተረት ላያነበው ይችላል። ለሁለት ተማሪዎች ሰጥቼ አንዷ «ቲቸር፣ ቤት ሆኜ ማንበብ አልቻልኩም» ብላ መለሰችልኝ። ትክክል ነበረች። ልጁን ሳታውቁ አትስጡት። ለ16 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ወደ 500 ገጽ ገደማ፣ 3 ዋና ቅጽ።

«ቺልድረን ኦፍ ብለድ ኤንድ ቦን»

ቶሚ አዴየሚ፣ እ.ኤ.አ. 2018። በምዕራብ አፍሪካ ከሚኖረው የዮሩባ ሕዝብ እምነትና ተረት የተቀዳ ዓለም ነው። ንጉሡ ኃይል ያላቸውን ሁሉ አስፈጅቷል፣ የዜሊን እናት ጨምሮ። ዜሊ ያን ኃይል ለመመለስ ትነሳለች። ሦስት ሰዎች እየተፈራረቁ ይተርካሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ የዚያው ንጉሥ ልጆች ናቸው። ጠላትሽ ከውስጡ ሲያወራ መስማት ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከ500 ገጽ በላይ ነው። ግድያና ስቃይ አለበት። አማልክትና የመናፍስት ጥሪ ከስድስቱ ሁሉ በብዛት ያለው እዚህ ነው፤ ቤቱ በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ከሆነ በ«ፐርሲ» ጀምሩ። 3 ቅጽ፣ የመጀመሪያው ጫፍ ላይ ሰቅሎ ይተዋል።

«ትዋይላይት»

ስቴፈኒ ማየር፣ እ.ኤ.አ. 2005፣ 4 ቅጽ። ፊልሙን ስላዩት በብዛት የሚጠየቀው ይሄ ነው። የፍቅር ታሪክ ነው፤ ኃይሉ ያለው ደም መጣጮቹ ዘንድ ነው። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ገጹ ቶሎ ይገለጣል። ባለታሪኳ ቤላ ግን ራሷን ሁሉ ለአንድ ወንድ ትተዋለች፤ ይሄን ከሴት ተማሪዎቼ ጋር ሳላወራ አልሰጥም።

ባጭሩ

| መጽሐፍ | እንግሊዝኛው | ኃይሉ የሚያስከፍለው | ጥንቃቄ | ቅጽ | ዕድሜ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፐርሲ ጃክሰን | ቀላል | ጭራቅ ይከተለዋል | የግሪክ አማልክት | 5 | ከ11 ጀምሮ |
| አካታ ዊች | መካከለኛ | ከቤተሰብ መደበቅ | የልጆች ጠለፋ፣ ድግምት | 3 | ከ12 ጀምሮ |
| ሚስ ፔሪግሪን | መካከለኛ፣ ከበድ ይላል | ከአንድ ቀን አለመውጣት | አስፈሪ ፍጡራን | 6 | ከ14 ጀምሮ |
| ዳርከስት ማይንድስ | መካከለኛ፣ ረጅም | በወዳጅ መረሳት | ካምፕ፣ ወታደር | 3 | ከ16 ጀምሮ |
| ብለድ ኤንድ ቦን | ከባድ፣ ረጅም | ደምና ሐዘን | ግድያ፣ መናፍስት | 3 | ከ15 ጀምሮ |
| ትዋይላይት | ቀላል፣ ረጅም | ራስን መተው | ፍቅር | 4 | ከ15 ጀምሮ |

ዕድሜው የእኔ ግምት ነው፤ ልጃችሁን ከእኔ በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

እንደ ልጁና እንደ ኪስ

ማንበብ ለሚጠላ ልጅ «ፐርሲ»ን ስጡ፤ ሌላ አትሞክሩ። ጨርሶ ካላወቀ መጀመሪያ መጨረስን ይወቅ። ክፍል ውስጥ ለሚገለል፣ በመልኩ ወይም በቤተሰቡ ለሚታማ ልጅ «አካታ ዊች»። ብቻዋን መሆን ለምትወድ፣ ሥዕልና ፎቶ ለሚስባት «ሚስ ፔሪግሪን»። እንግሊዝኛዋ ጠንካራ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ለደረሰች «ብለድ ኤንድ ቦን»፤ ክረምቱን ሙሉ ይይዛታል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ከውጭ የገባ አዲስ መጽሐፍ ውድ ነው። ከሁሉ የሚረክሰው መንገድ ያገለገለ መግዛት ነው። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካላችሁ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ርዕሱን በወረቀት ጽፋችሁ አስጠይቁ። ስሙን በቃል አትላኩ፤ ሌላ ነገር ይመጣል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለም ከሽቶና ከጫማ ጋር አንድ መጽሐፍ ቢጨምር አይከብደውም።

አራት ልጆች አዋጥተው አንድ መግዛትም ይቻላል። እኛ እንዲህ ነው የምናደርገው። አንዱ ልጅ ለ10 ቀን ይይዛል፣ ከዚያ ያስተላልፋል። ወረፋው ራሱ ያስነብባል።

በቴሌግራም ስለሚዘዋወረው ፒዲኤፍ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። አብዛኛው ያለ ደራሲው ፈቃድ የተቀዳ ነው፤ ለተማሪዎቼ አልልክም። ሌላም ችግር አለው። መብራት ሲጠፋ ስልኩ ይዘጋል። ስልኩ ሲሠራ ደግሞ በየገጹ መሐል ሌላ መልእክት ይገባል። ወረቀቱ ግን ዝናብ እየዘነበ መስኮት አጠገብ ይነበባል።

ስንት ቅጽ እንዳለው አይታችሁ ሁሉንም ባንዴ አትግዙ። አንደኛውን ብቻ ግዙ። ልጁ ጨርሶ ሁለተኛውን ከጠየቀ ያኔ ይገዛል። ሽፋኑን በፕላስቲክ ሸፍኑት፤ ሐምሌ ውስጥ ቦርሳ ሁሉ ውሃ ያስገባል።

የመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ደግሞ ያነበበ ሁሉ በእርሳስ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ኃይሉ ምን አስከፈላት? የእኛ «አካታ ዊች» ላይ እስካሁን አራት መስመር አለ። «እንቅልፏን።» «ለእናቷ መዋሸት።» «ድሮ የነበረችውን ሰኒ።» አራተኛዋ ባለፈው ቅዳሜ ነው የመለሰችልኝ። «ምንም አላስከፈላትም፣ መጀመሪያም የሷ ነበር» ብላ ጽፋለች። አልስማማም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንከራከርበታለን።